የሃምሳ አለቃ ደምለው ችሎት

የመናኸሪያ ሻይ ቤት ያለ ዳኛ ተከፍቶ አያውቅም። ሹመቱን ማን እንደ ሰጠው አይታወቅም፤ ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ ግን በየሻይ ቤቱ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ የሚቀመጥ አንድ ሰው አለ። ወረፋ የጣሰውን፣ ሚስቱን የተቆጣውን፣ ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን ደጅ ጥሎ የሄደውን የሚዳኘው እሱ ነው። አንዳንዱ ሻይ ቤት የቀድሞ አስተማሪ ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ የቀድሞ የቀበሌ ሊቀ መንበር። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ላለው ለማንጠግቦሽ ሻይ ቤት የደረሱት ግን ክቡር ሃምሳ አለቃ ደምለው ነበሩ።

ክቡር ሃምሳ አለቃ ሃያ ሁለት ዓመት በወታደራዊ ፍርድ ቤት አገልግለዋል። ልብ በሉ፣ ዳኛ አልነበሩም። የችሎት ጸሐፊ ነበሩ። ዳኛው ያለውን፣ ዐቃቤ ሕጉ የከሰሰውን፣ ተከሳሹ ያስተባበለውን ከታች ተቀምጠው ይጽፋሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላውን ቃል ሲጽፍ የኖረ ሰው ጡረታ ወጥቶ አንደበቱ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ማንጠግቦሽን ጠይቋት። መጀመሪያ የመጡ ቀን አንድ ሻይ ጠጥተው የሚሄዱ መስሏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ችሎት ተከፈተ። አስማማው የሚባል የባጃጅ ሹፌር የጓደኛውን ተራ ቀምቶ ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ፤ ሲመለስ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ተከሳሽ፣ መጀመሪያ ማዕረግህን ተናገር።»

«ምን ማዕረግ አለኝ ሃምሳ አለቃ፣ ባጃጅ ነው የምነዳ።»

ሃምሳ አለቃ ፊታቸው ጨለመ። ወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚያየው የሠራዊቱን አባል ነው፤ ሲቪል ቢያጠፋ መደበኛ ፍርድ ቤት አለለት። አስማማውን እንዲሁ ቢለቁት ደግሞ ወረፋው ሊፈርስ ነው። ጥቂት አሰቡና መላ አገኙ፤ አስማማውን በዚያው ቆሞ ሳለ አስር አለቃ ብለው ሾሙትና ክሱን አነበቡለት።

አሠራሩ ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ጥፋተኛው መጀመሪያ ይሾማል፣ ቀጥሎ ይከሰሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሻይ ቤቱ ሦስት የመቶ አለቃ፣ አንድ ሻምበልና ቁጥር ስፍር የሌለው አስር አለቃ አፈራ። «ሃምሳ አለቃ እንዴት አድርጎ ሻምበል ይሾማል?» ብሎ የጠየቀ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ችሎት ደፍሯል ተብሎ ለሁለት ቀን ከበር ውጭ ቆሞ ሻይ እንዲጠጣ ተፈረደበት። ተማሪው ለሁለት ቀን ከበር ውጭ ቆሞ ጠጣ። ይህን ማንጠግቦሽ በዓይኗ ባታይ ኖሮ አታምንም ነበር።

«ያለ ጠበቃ ችሎት የለም» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው ሕጋቸው ነበር። ተከሳሹ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ብሎ ቢለምን እንኳ ጠበቃ ሳይቆምለት ጉዳዩ አይታይም። ጠበቃው ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ አገኘሁ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይጠራል፤ ክሱን ይሰማል፤ ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ክርክር ያቀርባል። «ደንበኛዬ ጥፋተኛ ነው። ሱሪ የሚጠብቅ ሰው አለብኝ።» ሃምሳ አለቃ በዚህ ክፉኛ ይበሳጫሉ። ለተከሰሰ ሰው የማይከራከር ጠበቃ፣ ይላሉ፣ ሁለተኛ ዐቃቤ ሕግ ነው።

ከሁሉም የባሰው የአውራ ዶሮው ጉዳይ ነበር። የጎረቤቷ የወለተ ሰንበት ዶሮ ማንጠግቦሽ ለዳቦ ያሰጣችውን ስንዴ አንድ ጣባ ሙሉ በላባት። እንግዲህ ዳኛ ከነጠበቃው ቤቷ ተቀምጦላታል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ይጠቅመኝ ብላ አቤት አለች። ሃምሳ አለቃ ነገሩን አጣርተው፣ ምስክር ሰምተው፣ ዶሮው ሲቪል ስለሆነ ችሎቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለውም ብለው ወሰኑ።

«አስማማውን ሾመው አልነበር የከሰሱ?» አለች ማንጠግቦሽ። «ይኸንንም ይሹሙት እንጂ።»

«ለዶሮ ማዕረግ መስጠት ሠራዊቱን መናቅ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ እውነትም ተቀይመው። ያን ቀን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ስቃባቸዋለች ማንጠግቦሽ፤ ሰፈሩም ስቆባቸዋል። ግን አንድ የማያስቅ ነገር ነበራቸው። ድሮ የሚጽፉበት ችሎት የሚሰየመው ማክሰኞና ሐሙስ ነበር። አሁንም በእነዚህ ሁለት ቀናት ሃምሳ አለቃ ግራጫ ኮታቸውን ተኩሰው ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ሻይ ቤቱ ሳይከፈት ይደርሳሉ። ትዳር አልያዙም። ምደባቸው ከቦታ ቦታ ሲቀያየር ዕድሜያቸው አለፈ፤ ጓደኞቻቸውም እዚያው ቀሩ። አንድ ሐሙስ ዶፍ ዝናብ ጥሎ ሰው አልመጣም። ወረፋም የለም፣ ክስም የለም። ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን እንደ ለበሱ እስከ እኩለ ቀን በሩን ሲያዩ ቆዩና «ዛሬ መዝገብ የለም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ማንጠግቦሽ ብርጭቆአቸውን አነሣች። ሰው እንዲህም አድርጎ የሚናፍቀው ነገር አለ ብላ አሰበች፤ ከዚያ የራሷ መጣባትና ትታው ወደ ምድጃዋ ዞረች።

የማንጠግቦሽ ናፍቆት ስሙ አንዷለም ነው። አንድ ልጇ ነው። ወታደር ሆኖ ከሄደ አራት ዓመት አልፎታል። ኔትወርክ ያለበት ሰንበት ሲሆን ይደውላል፤ «ደኅና ነኝ እማ» ይላል፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እሷ ከጆሮዋ ላይ አታነሣውም። ዘንድሮ በታኅሣሥ ባሏ አናጢው የኔአለም በሦስት ቀን ሕመም ሞተባት። አንዷለም የአሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት አባቱን ሊቀብር መጣ። ደንኳኑ ውስጥ እያለቀሰች ሳለ በበሩ ሲገባ አየችው። ትከሻው ሰፍቷል፣ ድምፁ የአባቱን ሆኗል። ኀዘንና ደስታ በአንድ ሆድ እንዴት እንደሚገናኙ ያን ቀን አወቀች፤ ደስታዋንም አፈረችበት።

ሃምሳ አለቃ ልቅሶ ተቀምጠው ነበር። በሰባተኛው ቀን ጠጋ አሏትና «ማንጠግቦሽ፣ ለልጁ ሦስት ቀን ቀረው» አሉ። በስምንተኛው ቀን «ሁለት» አሉ። በዘጠነኛውም አልተዉም። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዷለም ደንኳን ሲያፈርስ አዩና «አለፈ» አሏት።

«ምነው እርስዎ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሰው ሞቶ ቀን ይቆጥራሉ? የአባቱን አርባ ሳያወጣ የት ነው የሚሄድ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ለእሷ ፈረደ። እውነትም እኮ፣ በእኛ አገር አባት አንድ ቀን ተቀብሮ አያልቅም። አፈር የሚለብሰው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የሚሸኘው ግን በአርባው ነው። ፍትሐቱ አለ፣ ተዝካሩ አለ፣ ጠላው የሚጠመቅለት ዘመድ አለ፤ ወንድ ልጅ ቆሞ «ግቡ፣ ብሉ፣ ነፍስ ይማር በሉ» ማለት አለበት። ሠራዊቱ ለቀብር የሰጠው አሥር ቀን ነው። የሠራዊቱ ቀብርና የማንጠግቦሽ ቀብር አንድ አልነበሩም። ሁለቱን ያወቀ ሰው በዚያ ደንኳን ሃምሳ አለቃ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ ማን ይሰማል?

አንዷለም አርባውን አውጥቶ በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ከካምፑ በር ላይ ተያዘ። ክሱ ኩብለላ ነው ተባለ።

ማንጠግቦሽ ወሬው የደረሳት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን ለብሰው ጥጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነግራቸው ስታበቃ «ብዬሽ ነበር» እስኪሏት ጠበቀች። ቢሏት ኖሮ የፈላውን ጀበና ልትደፋባቸው ቆርጣ ነበር፤ ይህን ኋላ ራሷ ተናግራዋለች።

«ራሱ ነው የተመለሰ ወይስ ተይዞ?» አሉ።

«ራሱ ነው እንጂ።»

«የደንብ ልብሱን ለብሶ?»

«ለብሶ።»

«ቁጭ በይ» አሉና ወንበር ሳቡላት። ያን ቀን ማንንም አልሾሙም፣ ማንንም አልከሰሱም። ቀስ ብለው አስረዷት። ኩብለላ ማለት ሠራዊቱን ጥሎ ላለመመለስ መጥፋት ነው፤ ቅጣቱ ጽኑ እስራት ነው፣ የሚቆጠረውም በዓመት። ያለፈቃድ መቅረት ሌላ ነው፤ ጥፋት ነው፣ ያስቀጣል፣ ግን የወራት ነገር ነው። የሁለቱ ልዩነት የልጁ ሐሳብ ነው። ሊመለስ አስቦ ነበር ወይስ አልነበረም? ችሎቱ ሐሳብን በዓይኑ ስለማያይ ማስረጃ ይጠይቃል።

ማንጠግቦሽ ግን የምታውቀው ሌላ መንገድ ነበር። አባ ዘመንፈስቅዱስን ከነመስቀላቸው፣ ሦስት ሽማግሌ ጨምራ፣ ድንጋይ አሸክማ ወደ አዛዡ ልትልክ ተነሣች። በአገሯ ደም እንኳ የሚደርቀው እንዲህ ነው። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ላይ ከተንበረከከ እንኳን ሰው፣ ተራራም ይለሰልሳል።

«አዛዡ ምን ይሁን ብለሽ?» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አዛዡ እኮ በዚያ ችሎት ምስክር ነው፣ ዳኛ አይደለም። ቢምርልሽ እንኳ ምሕረቱ ከመዝገቡ አይገባም። ዳኞቹ ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ በሽማግሌ ማስለመን ልጁን ይጎዳዋል። ድንጋዩን ይተዉትና አባ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። ልጁ አርባ ቀን ሙሉ በገሃድ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ እንደ ነበረ። የሚኮበልል ሰው ቅዳሴ ፊት ቆሞ አይታይም።»

አባ ጻፉ። ለአንዷለም ከሠራዊቱ የተመደበችለት ተከላካይ ጠበቃ መቶ አለቃ ሔዋን ትባላለች። በስልክ ያነጋገሯት ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ መኮንን ስለሆነች ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው፣ «አዎ መቶ አለቃ፣ ይገባኛል መቶ አለቃ» እያሉ። ሻይ ጠጪው አልሳቀም። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ልጁ ቃሉን ሰጥቷል» አሏት። «‹ያስቀረኝ ሰው የለም፣ በራሴ ፈቃድ ነው የቀረሁ› ብሏል። ለምን ለአለቃህ አልደወልህም ሲሉት ዝም ነው ያለ። ሠላሳ ቀን ያለ አንድ ስልክ። ዐቃቤ ሕጉ ይኸን ነው የሚይዝ።»

ማንጠግቦሽ ማድጋውን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወጣች፤ ማድጋው ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያተኛው ሲበተን፣ ሃምሳ አለቃ ለምስክርነት ሊያዘጋጇት ወንበሮቹን አዘዋወሩ። ዳኛም ራሳቸው፣ ዐቃቤ ሕግም ራሳቸው ሆኑ፤ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየተነሡ ይቀመጣሉ። ልብስ ሰፊው አገኘሁ የጠበቃውን ቦታ ያዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ነበር።

«ምስክር፣ ልጅዎ ለምን በጊዜው አልተመለሰም?»

«የአባቱን አርባ ሊያወጣ።»

«አርባው ያለ እሱ አይወጣም ነበር?»

«አይወጣም።»

«ቄሱ ያለ ልጁ አይፈቱም?»

«ይፈታሉ» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ።

ሃምሳ አለቃ ከዐቃቤ ሕጉ ወንበር ተነሡ። የዳኛውም ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ፊቷ መጥተው ቆሙ።

«ማንጠግቦሽ፣ ልጅሽ ሠላሳ ቀን ሙሉ የአባቱን ሸራ ጫማ አድርጎ ሲመላለስ አይቼዋለሁ። እግሩን እየቆረጠው ያነክስ ነበር። የራሱ ጫማ የት ሄዶ ነው?»

ሰው ሁሉ የታከተው ያ ሁሉን የሚያይ ዓይን፣ ያ የሌላውን ጉዳይ የሚቆፍር አፍ፣ ለካ አንድ ቀን እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቅ ኖሯል። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አገኘሁ ሊወጣ ተነሣ፤ «ተቀመጥ፣ ጠበቃ ነህ» አሉት።

ተናገረች። በዘጠነኛው ቀን ማታ የደንብ ልብሱን አጥባ፣ የወታደር ጫማውን ከነመታወቂያው ከሳጥኗ ከታ ቆልፋበታለች። ቁልፉን አንገቷ ላይ ከማዕተቧ ጋር አሠረችው። ጠዋት «እማ፣ ክፈችልኝ» አላት። «ከአርባው በኋላ» አለችው። ሦስት ቀን ለመናት፤ ሦስቱንም ቀን አለቀሰች፤ በአራተኛው ቀን መለመኑን ተወ። ለአለቃው ደውሎስ ምን ይበል? ወታደር ነኝ የሚል ሰው «እናቴ ጫማዬን ቆለፈችብኝ» ይላል?

«አርባው ሰበብ ነው» አለች። «ለአባቱ አይደለም። ለእኔ ነው። አራት ዓመት! ጠዋት ስነሣ ሲተነፍስ እሰማለሁ፤ እንደገና እተኛለሁ። አንድ ቀን ብቻ ይጨመርልኝ እያልሁ ሠላሳ ቀን ሰረቅሁ።»

አገኘሁ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ።

«ይኸንን ነው የምትናገሪ» አሉ።

«ሰው ምን ይለኛል? ልጇን ያሳሰረች እናት አይለኝም?»

«ይልሻል» አሉ ሃምሳ አለቃ። መዋሸት አያውቁበትም። «ካልተናገርሽ ግን እሱን ከዳተኛ ይሉታል። ምረጪ።»

ካምፑ ከዓባይ ማዶ ነው። በችሎቱ ዋዜማ ሄደው አደሩና ጠዋት ደረሱ። ማንጠግቦሽ ምስክር ስለሆነች ሌላው ሲመሰክር እንዳትሰማ ከውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት፤ ሃምሳ አለቃ ከታዳሚው ጋር ገቡ። በሩን ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ሲሉ አየቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ይመስሉ ነበር።

ስትጠራ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሦስት ዳኞች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ መካከለኛው ሻለቃ ነው። አንዷለም ቀበቶ ሳይታጠቅ ቆሟል። ከስቷል። ሲያያት ራሱን ነቀነቀ፤ «አትናገሪ» ማለቱ እንደ ሆነ ገባት። ቃለ መሐላ ፈጸመች። መቶ አለቃ ሔዋን ጠየቀቻት፤ ሁሉንም ተናገረች። ሳጥኑን፣ ጫማውን፣ ቁልፉን። ከኋላዋ ከታዳሚው መካከል አንድ ሰው ሳቅ ሲል ሰማች፤ ጆሮዋ ቢግልም አላቆመችም።

ዐቃቤ ሕጉ ሻምበል ነው፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሳጥኑን መስበር አይችልም ነበር?»

«የእናቱን ሳጥን?»

«መስበር ይችል ነበር ወይስ አይችልም?»

ሃምሳ አለቃ ያሏት ትዝ አላት። የተጠየቅሽውን ብቻ፣ እውነቱን ብቻ፤ ቢጎዳም።

«ይችል ነበር። አናጢ ነው ያሳደገው። አልሰበረም።»

«ስለዚህ መሄድ ይችል ነበር ማለት ነው።»

«ይችል ነበር» አለች፤ ልጇን በገዛ አፏ ገመድ ያስገባችው መሰላት።

ሻለቃው ወረቀቱን አገላበጠና «ሌላ የሚጨምሩት አለ?» አላት።

ተዘጋጅታበት ነበር። ሃምሳ አለቃ «የለኝም በዪ» ብለዋታል። ቀና ብላ ልጇን አየችውና ሌላ ነገር ወጣት።

«ናፍቆኝ ነው።»

ጸሐፊዋ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ ወደ ሻለቃው አየች። ይህ ምስክርነት ይሁን ሌላ ነገር እንደ ሆነ ግራ ገብቷት ነው። 

«እንዳሉት ጻፊ» አለ ሻለቃው።

ማንጠግቦሽ ወደ ታዳሚው ስትሄድ ሃምሳ አለቃ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው አገኘቻቸው። ጉንፋን ነው አሉ።

ፍርዱ የተነበበው ከምሳ በኋላ ነው። ተከሳሹ ሳጥኑን መስበር ወይም ለአለቃው ማሳወቅ እየቻለ አላደረገም፣ ስለዚህ ነጻ አይደለም። ሆኖም በቤተ ሰቡ መካከል በገሃድ ኖሯል፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ በራሱ እግር ተመልሷል፤ ሠራዊቱን ጥሎ ለመኮብለል አስቦ እንደ ነበር አልተረጋገጠም። ጥፋተኛ የሆነው ያለፈቃድ በመቅረት ነው። አምስት ወር ቀላል እስራት፤ ታስሮ የቆየባቸው ሁለት ወራት ይታሰቡለታል፤ ሲጨርስ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ሦስት ወር ቀረው። ዓመታት አይደሉም። ማንጠግቦሽ ለማልቀስ ዝግጁ ነበረች፣ እንባው ግን አልመጣም።

ጠባቂው አሥር ደቂቃ ፈቀደላቸው። «ለምን ተናገርሽ እማ?» አለ አንዷለም፤ «እንኳን ተናገርሁ» አለችው። ከዚያ ምን እንደ ተባባሉ ኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም። እጁን ይዛ ነበር፣ ጥፍሩን አየችው፣ ቆርጦታል። ስለ ምግቡ ጠየቀችው። ደቂቃው አለቀ። ዞሮ እስኪያይ ጠበቀች፤ ዞሮ አየ።

ሃምሳ አለቃን ስትፈልጋቸው በችሎቱ በር ቆመው አገኘቻቸው። አዳራሹ ባዶ ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች «አባባ፣ የረሱት ነገር አለ?» ትላቸዋለች።

«የለም ልጄ» አሉ። ግን አልሄዱም። የጸሐፊውን ወንበር ያዩ ነበር። ከዚያ ለማንጠግቦሽ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ‹ናፍቆኝ ነው› የሚል ቃል ጽፌ አላውቅም» አሏት። «ስንቱ ምስክር ሊለው ፈልጎ ይሆን? ‹ሌላ የለኝም በሉ› እያልን ነው ያስወጣናቸው።»

ማንጠግቦሽ ያኔ ነው ሰውየውን የወደደቻቸው። ሹመታቸውን፣ ክሳቸውን፣ ኮታቸውን፣ ሁሉን። ሰፈሩ ዕብደት ያለው ሁሉ ናፍቆት ነበር፤ እሷ ደግሞ ናፍቆትን ታውቀዋለች። ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው።

አውቶቡሱ በረሃውን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ሽቅብ ሲያያዘው ሃምሳ አለቃ ግንባራቸውን ከመስኮቱ አስደግፈው ነበር።  ማንጠግቦሽን ከችሎቱ የቀረው እንባ አሁን ሊመጣባት ነው፤ ዙሪያዋን ደግሞ ስድሳ የማታውቀው ሰው ተቀምጧል። ደጀንን እንዳለፉ ኋላ ወንበር ላይ ጠብ ተነሣ። ታረቀ የሚባል ነጋዴ አንድ ኩንታል ድንች መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ሰው መውጫ አጥቷል፤ ረዳቱ አንሣ ይላል፣ እሱ አላነሣም ይላል።

ማንጠግቦሽ ሃምሳ አለቃን ጎሸም አደረገቻቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ክስ አለ።»

ዞረው አዩዋት። ዓይኗን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ የወንበሩን ብረት ይዘው መተላለፊያው ላይ ቆሙ። ነጋዴውን ሻለቃ ብለው ሾሙት። ረዳቱ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። አውቶቡሱ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ መሳቅ ጀመረ። ማንጠግቦሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አለቀሰች፤ ለባሏ፣ ለልጇ፣ ለቀሩት ሦስት ወራትና ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት። ማንም አላያትም። ሁሉም ችሎቱን ነበር የሚያየው።

ሃምሳ አለቃ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እሷ መለስ ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሌላ ምስክር ጠሩ። እሱ ሲያበቃ ሌላ ጠሩ፤ እሱም ሲያበቃ ሾፌሩን። ስለ አንድ ኩንታል ድንች አሥራ አንድ ምስክር ተሰማ። ሉማሜ ሲደርሱ ማንጠግቦሽ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች፤ ፍርዱም ያኔ ተሰጠ።